የየቲም አማና ምስክር ይሻል

(በማኅበራችን የአሳዳጊዎች፣ የመድረሳ መምህራንና የበጎ ፈቃደኞች ስብሰባ ላይ በመሐል ሜዳ ከተማ የተደረገ ንግግር)



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የአላህ ሰላትና ሰላም የቲም ሆነው ባደጉት፣ የቲሞችንም ባከበሩት በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እናቶችና አባቶች፣ የመድረሳ መምህራን ወንድሞቼ፣ እንዲሁም ጥሪያችንን አክብራችሁ ከእኛ ጋር የተቀመጣችሁ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተወካዮች፤

እስከ ዛሬ በዚህ ዓይነት ስብሰባ ላይ የምንነጋገረው በአብዛኛው ስለ ቁጥር ነበር። ስንት ልጅ ተመዘገበ፣ ስንት ደብተር ተገዛ፣ ለመንዝ ብርድ ስንት ብርድ ልብስ ተከፋፈለ እንል ነበር። ይህ መልካም ሥራ ነው፤ አላህ ይቀበለን። ነገር ግን በመዝገባችን ውስጥ ዓምድ ያልተሰመረለት አንድ ጥያቄ አለ። እርሱም «ይህን ልጅ ከረሃብና ከብርድ ጠበቅነው፤ ከእኛ ከራሳችንስ ማን ይጠብቀዋል?» የሚል ነው።

ጥያቄው አንዳንዶቻችንን ሊያስቀይም ይችላል። «ለአላህ ብለን ባገለገልን እንዴት እንጠረጠራለን?» የሚል አይጠፋም። እኔም በወጣትነቴ ይህን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ቢገጥመኝ ኖሮ እቆጣ ነበር። ዛሬ የማነሣው እኔ ነኝ። ለምን እንደማነሣው ለማስረዳት በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር።

አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቅሁት ልጅ

የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ነው። ቂርአቴን ካጠናቀቅሁ በኋላ በቆላው በኩል በሚገኝ አንድ መድረሳ ሕጻናት አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ መካከል ዐሥር ዓመት የማይሞላው፣ አባቱ የሞተበት ልጅ ነበር። በዚያ ሠፈር ደግሞ በሰደቃው የታወቀ፣ በመስጊድ ከፊተኛው ሰፍ የማይታጣ አንድ ሰው ነበር። ይህ ሰው ልጁን ሐሙስ ሐሙስ ማታ ወደ ቤቱ ወስዶ ያበላው፣ ያሳድረውም ነበር። ሁላችንም «አላህ ይጨምርለት» እንል ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጁ ሐሙስ ሲደርስ መደበቅ ጀመረ። ጎበዝ የነበረው ልጅ የሐፈዘውን ይረሳ ጀመር። አንድ ቀን ወደ እኔ ቀርቦ «ኡስታዝ፣ እዚያ ቤት አልሄድም» አለኝ። «ለምን?» አልሁት። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። እኔም «የአላህ ኒዕማ አይገፋም፤ አመስግን» ብዬ ገሠጽሁትና በአንድ ትልቅ ደረሳ እጅ አስይዤ ሰደድሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ጠፋ። «የቲም ጠባዩ አይታወቅም» ተባለና ነገሩ በዚሁ ተዘጋ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጎልማሳ መንገድ ላይ አቁሞ እጄን ሳመኝ። እርሱ ነበር። ሻይ ጠጣን፤ ስለ ሥራውና ስለ ልጆቹ አወራን። ልንለያይ ስንል ዓይኔን ሳያይ «ኡስታዝ፣ ያን ቀን አንድ ጊዜ ደግመው ቢጠይቁኝ ኖሮ እነግርዎት ነበር» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም፤ እኔም ከዚያ በላይ ለመጠየቅ አቅም አጣሁ። የሰማሁት በቂ ነበር።

ወንድሞቼና እህቶቼ፤ ያን ልጅ የጎዳው ያ ሰው ነው። ነገር ግን እጁን አስይዤ የላክሁት እኔ ነኝ። ክፉ ሰው አልነበርሁም፤ ልጁንም እወደው ነበር። የጎደለኝ ፍቅር ሳይሆን ሥርዓት ነው። ልጅ «አልሄድም» ሲል ምን እንደሚደረግ ያስተማረኝ አልነበረም፤ የምነግረውም አካል አልነበረም። በጎ ሰው የሆነ ሁሉ አይበድልም የሚለው እምነቴም ዓይኔን ሸፍኖት ነበር።

ቁርኣን ለምን ምስክር አዘዘ?

በሱረቱ ኒሳእ 6ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ስለ የቲም ገንዘብ ሲያዝ፣ ልጁ ለአቅመ አዳም ደርሶ ብስለቱ ሲታይ ገንዘቡን እንድናስረክበው ይነግረናል። ሀብታም የሆነ አሳዳጊ ከገንዘቡ እንዲታቀብ፣ ድኻ የሆነው ደግሞ በአግባቡ ብቻ እንዲጠቀም ያዛል። ከዚያም ገንዘቡን ስናስረክብ ምስክር እንድናቆም ያዘናል።

ይህን ትእዛዝ እናስተውል። አሳዳጊው በሐቅ የጠበቀ፣ ሳንቲም ያላጎደለ ሰው ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ምስክር ታዟል። አላህ ይህን ያዘዘው አሳዳጊዎችን ሁሉ ሌባ ስላደረገ አይደለም። ምስክሩ የቲሙን ከበደል፣ ታማኙን አሳዳጊም ከሐሜት ይጠብቃል። እንግዲህ ለገንዘቡ ምስክር ከታዘዘ፣ ለገላውና ለክብሩ እንዴት አይታዘዝም? ብር ቢጠፋ ይተካል፤ የሕጻን ልብ ግን አንዴ ከተሰበረ እንደ ብር አይተካም።

ከነቢያት ታሪክም እንመልከት። መርየምን (ዐ.ሰ.) የማሳደግ አማና የተሰጠው ለነቢዩ ዘከሪያ (ዐ.ሰ.) ነበር። በሱረቱ ኣሊ ዒምራን 37ኛ አንቀጽ እንደተነገረን፣ ወደርሷ በገባ ቁጥር ከእርሷ ዘንድ ሲሳይ ያገኝ ነበር። ታዲያ በጎ ነገር ነው ብሎ ዝም አላለም፤ ይህ ከየት እንደመጣላት ጠየቃት። መልሷንም ሰማ። አሳዳጊ ማለት ይህ ነው። በእጁ ያለች ልጅ ያልሰጣትን ነገር ይዛ ሲያገኛት ከየት መጣ ብሎ በእርጋታ ይጠይቃል። ዛሬ በእኛ ዘንድ ያለች የቲም ልጅ አዲስ ስልክ ወይም ልብስ ይዛ ብትታይ ወይ እንቆጣታለን፣ ወይ አይተን እንዳላየ እናልፋታለን። ጠይቆ መልስ የሚሰማት ስንቱ ነው?

ደግሞም ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የእናታችንን የሰፊያን (ረ.ዐ.) ታሪክ ታውቃላችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ባለቤታቸው ሰፊያ ልትጠይቃቸው መጥታ ሌሊት ሲሸኟት ሁለት አንሷሮች አልፈው ፈጠን አሉ። ነቢዩም አስቁመው አብራቸው ያለችው ሰፊያ መሆኗን ነገሯቸው። በምድር ላይ ከእርሳቸው ይበልጥ የሚታመን ማን ነበር? እርሳቸው ሳይጠየቁ ራሳቸውን ግልጽ ካደረጉ፣ እኔና አንተ «ለምን ከልጁ ጋር ለብቻህ ሆንህ?» ብንባል የምንቆጣው ከማን በልጠን ነው?

ሰትርና ዙልም አይምታቱብን

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ አፋችንን የሚዘጋው ክፋት ሳይሆን በስሕተት ቦታ የዋለ ደግነት ነው። የሙስሊም ወንድምን ነውር መሸፈን፣ ሰትር ማድረግ፣ ትልቅ ምንዳ ያለው ሥራ ነው። ሰውን በመልካም መጠርጠርና ከሐሜት መራቅም እንዲሁ። አገራችንም በበኩሏ «ዝምታ ወርቅ ነው»፣ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እያለች አሳድጋናለች። ገበና መሸፈን በእስላሙም በክርስቲያኑም ዘንድ የጨዋ ልጅ ምልክት ነው።

ነገር ግን ሰትር ሰው በራሱና በጌታው መካከል ለሠራው ኃጢአት ነው። ዙልም፣ ማለትም በሌላ ሰው ላይ የተፈጸመ በደል፣ ገበና አይባልም። ኢማም አን-ነወዊይ «ሪያዱ ሷሊሒን» በተባለው መጽሐፋቸው ሰውን በሌለበት ማንሣት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል። ከእነርሱም መካከል የተበደለ ሰው በደሉን ለባለሥልጣን ማሰማቱ፣ መጥፎን ነገር ለማስወገድ እርዳታ መጠየቅ፣ ሙስሊሞችንም ከሚያገኛቸው ጉዳት ማስጠንቀቅ ይገኙበታል። እንግዲህ ሕጻን ሲበደል አይቶ ለሚመለከተው አካል የነገረ ሰው ሐሜተኛ አይደለም። ዝም ያለው ግን በዳዩን ሸፈንሁ ሲል ለሚቀጥለው ልጅ ጉድጓድ ቆፍሯል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዳይም ሆነ ተበዳይ ወንድማችንን እንድንረዳ አዘውናል። በዳዩን እንዴት እንርዳው ተብለው ሲጠየቁ፣ ከበደሉ በማቆም ነው ብለው መልሰዋል። ቡኻሪ ዘግቦታል። ስለዚህ በዳዩን በሕግ ማስቆም ለእርሱም እርዳታ ነው።

የነቢዩ ዩሱፍን (ዐ.ሰ.) ታሪክ ስናቀራ ብዙ ጊዜ ትኩረት የማንሰጠው አንድ አንቀጽ አለ። በተዘጋው ቤት ውስጥ የሆነው ከሆነ በኋላ፣ ልብሱ የተቀደደው ከኋላ መሆኑ ታየ፤ ንጹሕነቱ በማስረጃ ተረጋገጠ። ሆኖም በሱረቱ ዩሱፍ 35ኛ አንቀጽ ላይ፣ ማስረጃዎቹን ካዩ በኋላ እርሱን ለጊዜው ማሰር እንደታያቸው እናነባለን። ንጹሕ መሆኑን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። የታላቁ ቤት ስም እንዳይነሣ ሲባል ወገን የሌለው ወጣት ወህኒ ወረደ። የማኅበርን፣ የመድረሳን ወይም የመስጊድን ስም ለመጠበቅ ሲባል አንድ የቲም «ውሸታም» ተብሎ ሲባረር፣ የምንከተለው የነቢያትን መንገድ ሳይሆን የዚያን ቤት መንገድ ነው።

በሌሎች የደረሰው

«ይህ በእኛ ዘንድ አይደርስም» የሚል ካለ፣ ከመንዝ ብዙም ሳንርቅ ደቡብ ወሎን እንመልከት። በሐይቅ አቅራቢያ በምትገኘው በጃሪ፣ ቴር ዴ ዞም የተባለ የስዊዘርላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት የሕጻናት መንደር ያስተዳድር ነበር። ልጆቹ ምግብ፣ ትምህርትና መኝታ አላቸው ተብሎ ሁሉም የሚደሰትበት ቦታ ነበር። በኋላ ግን የመንደሩ ኃላፊ የነበረው የእንግሊዝ ዜጋ በወንዶች ልጆች ላይ ወሲባዊ ጥቃት በመፈጸም ተከሶ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት የዘጠኝ ዓመት እስራት ፈርዶበታል። ያ ሰው ወደ ልጆቹ የደረሰው በር ሰብሮ አይደለም፤ ቁልፉን ሰጥተነው ነው። የቲሞችን ለመጉዳት የሚሻ ሰው የቲሞች ወዳሉበት ይሄዳል፤ የሚገባውም የደግ ሰው ልብስ ለብሶ ነው።

በ2002 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽንና የእንግሊዙ ሴቭ ዘ ችልድረን በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን ስላሉ ስደተኞች ያወጡት ዘገባ፣ የእርዳታ ሠራተኞች ጭምር ለተራቡ ልጃገረዶች እህል የሚሰጡት ገላቸውን በመጠየቅ እንደነበረ አጋልጧል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኦክስፋም የተባለው ታዋቂ ድርጅት፣ ከ2010ሩ የሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ በዚያ የተሠማሩ አንዳንድ ሠራተኞቹ የፈጸሙት ነውር ለዓለም ተገለጠ። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ በዝምታ ሥራ እንዲለቁ ተደርገው ነበር፤ ኃላፊያቸው የነበረውም ከዚያ በኋላ በሌላ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሯል።

ይህን የምናገረው ፈረንጆቹን ለመውቀስ አይደለም። እኛስ አንድ መምህር ነውር ሲገኝበት «ጓዝህን ጠቅልለህ በሌሊት ውጣ» ብለን ወደ ሌላ ሠፈር አልሸኘንምን? ያኛው ሠፈር ደግሞ ቂርአቱ ያማረ ኡስታዝ አገኘሁ ብሎ ልጆቹን አስረክቦት ይሆናል። በዝምታ ማባረር ጅቡን ከራስ በረት ወደ ጎረቤት በረት መንዳት ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ስለ ሕጻናት መብት ሲደነግግ፣ በትምህርት ቤትም ሆነ ሕጻናትን በሚያሳድጉ ተቋማት ውስጥ ማንም ሕጻን አካሉን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ መሆኑን ይገልጻል። ለየቲሞችም መንግሥት ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግ ያዛል። አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የሕጻናት መብቶች ስምምነት በ1991 እ.ኤ.አ.፣ የአፍሪካን የሕጻናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር ደግሞ በ2002 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ626ኛውና በ627ኛው አንቀጾች በሕጻናት ላይ የሚፈጸም የክብረ ንጽሕና ጥቃትን ይቀጣል። ጥቃት አድራሹ ልጁን በአደራ የተቀበለ አሳዳጊ ወይም አስተማሪ ሲሆን ቅጣቱን ያከብዳል። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለውን የአባቶች ቃል ሕጉም ያውቀዋል ማለት ነው። ደግሞም የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ያገባ እንደሆነ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ነበረው። የ1996ቱ ሕግ ያን በር ዘግቷል። ስለዚህ «ያገባትና ነገሩ ይለቅ» የሚል ሽማግሌ በሽምግልና ስም ለበዳዩ መሸሸጊያ እያበጀ መሆኑን ይወቅ።

ስለ አለንጋም አንድ ቃል። እኛ የመድረሳ ሰዎች ተገርፈን ተምረናል፤ ብዙዎቻችንም ገርፈን አስተምረናል። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ.) ግን በልጅነቱ ገብቶ ዐሥር ዓመት ነቢዩን ሲያገለግል አንድ ጊዜ እንኳ «ኡፍ» እንዳላሉት መስክሯል። አስተማሪውን የሚፈራ ልጅ ሌላ ሰው ሲጎዳው ለአስተማሪው አይነግረውም። ያ ተማሪዬ ምናልባት ሁለተኛ ያልተናገረው እጄ ላይ አለንጋ ስለነበረ ይሆናል።

መንዝ ለሣር ያወጣው ሥርዓት

ሥርዓት ማበጀት ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከዚህ ከተማ ብዙም የማይርቀውን የጓሳን ምድር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የመንዝ ሰው ከአራት መቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ ቄሮ በተባለው የጥበቃ ሥርዓት ያን ሣር ጠብቆ ኖሯል። በሕዝብ የተመረጡ አለቆች ነበሩ፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ሁሉም በየተራው ይጠብቅ ነበር፤ ደንቡን የጣሰ ይቀጣ ነበር። ከ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲላላ ሣሩም ተጎዳ፤ ሕዝቡ በአዲስ መልክ ጥበቃውን ሲያቋቁም ደግሞ አገገመ።

በዚያ ሥርዓት ማንም «እኔ ጨዋ ነኝ፣ ጠባቂ አያስፈልገኝም» ብሎ ማጭዱን ይዞ ብቻውን አይገባም ነበር። ደንቡ ለጨዋውም ለባለጌውም አንድ ነበር። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ሣር ይህን ያህል ከተጠበቀ፣ ለአላህ ባሪያ፣ ያውም አባት ለሌለው ልጅ፣ ደንብ ማውጣት እንዴት ይከብደናል? በተለይም በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ ከደረሰው ጥፋት፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ እስከ ሸዋሮቢትና ደብረ ሲና ከዘለቀው ጦርነት በኋላ፣ በዚህ በሰሜን ሸዋ ጠባቂ የሚሹ ልጆች በዝተውብናል።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ለማኅበራችን የማቀርባቸው ሐሳቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ ከልጆች ጋር የሚሠራ ማንኛውም ሰው፣ ኡስታዝም ይሁን በጎ ፈቃደኛ፣ ቀድሞ የነበረበት ቦታ ሳይጠየቅ አይግባ። የነበረበትን መድረሳ ወይም መሥሪያ ቤት ኃላፊ በግልጽ እንጠይቅ። ስለ እኛ ሰውም ሌሎች ሲጠይቁን እውነቱን እንናገር።

ሁለተኛ፤ ማንም ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር በተዘጋ ቤት ለብቻው አይሁን። ቤት ለቤት የሚደረግ ጉብኝት በሁለት ሰው ይሁን፤ ቢቻል አንዷ ሴት ትሁን። የቂርአት ክፍል በሩ ክፍት ይሁን። ለጋሹ የቱን ያህል ቢሰጥ፣ ልጅን ወደ ቤቱ ወስዶ የማሳደር መብት በገንዘቡ አይገዛም።

ሦስተኛ፤ የልጆች ፎቶግራፍና ታሪክ ያለ አሳዳጊውና ያለ ልጁ ፈቃድ አይውጣ። ልጅን መድረክ ላይ አቁሞ «እንዲህ ተርቤ ነበር» ማሰኘት ይቅር። አላህ በሱረቱል በቀራ 264ኛ አንቀጽ ሰደቃችንን በመመጻደቅና በማስከፋት እንዳናበላሽ አስጠንቅቆናል። የልጁ ስም፣ ሠፈርና ትምህርት ቤት ከፎቶግራፉ ጋር በስልክ ሲዘዋወር ደግሞ ክፉ ለሚያስብ ሰው አድራሻ ሰጠን ማለት ነው።

አራተኛ፤ ልጆች የሚናገሩለት ሰው ይኑራቸው። በየመድረሳው ልጆቹ ራሳቸው የሚያምኗቸው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ይሰየሙ፤ ልጆቹም እነማን እንደሆኑ ይወቁ። ልጅ ሲናገር አናቋርጠው፤ አንቆጣው፤ «ለማንም አልናገርም» ብለንም ቃል አንግባለት፤ «የሚረዱህን ብቻ እነግራለሁ» እንበለው። ዝም ቢልም ሌላ ቀን ደግመን እንጠይቀው። ይህን «ደግመን» የሚለውን ቃል አደራ እላችኋለሁ።

አምስተኛ፤ በደል ሲነገረን ሽማግሌ አንሰብስብ፤ ለፖሊስና ለሴቶች፣ ሕጻናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እንናገር። ወሲባዊ ጥቃት የደረሰ እንደሆነ ልጁ ሳይታጠብ፣ ልብሱም ሳይታጠብ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ። ከኤች.አይ.ቪ. የሚከላከለው መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው። «እስኪ እስከ ጁሙዓ እንየው» ስንል ያ ሰዓት ያልፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ ይነሣል። «ሰው በሐሰት ቢከሰስስ?» የሚል ነው። በሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ወሬ ሲመጣልን እንድናረጋግጥ ታዘናል። ማረጋገጡ ግን የእኔና የአንተ ሥራ ሳይሆን የመርማሪና የዳኛ ሥራ ነው። የእኛ ሥራ እስኪጣራ ድረስ ሰውየውን ከልጆች ማራቅ፣ ስሙን በየሻይ ቤቱ አለማንሣት፣ ልጁንም ከበቀል መጠበቅ ነው። ፍርዱ እስኪወጣ ስሙም፣ ልጁም በእኛ ዘንድ አማና ናቸው።

ስድስተኛና መጨረሻ፤ ይህ ሁሉ በጽሑፍ ይሁን። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጀምሮ እስከ ዘበኛው ድረስ አንብቦ፣ ማንበብ የማይችልም ተነቦለት ይፈርምበት። የመጀመሪያው ፈራሚ እኔ ልሁን። «ኡስታዙ ምን ያስፈርመዋል?» የሚል ቢኖር፣ የሚያስፈርመኝ ያ ሐሙስ ማታ ነው በሉት።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤ የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ውስጥ ከእርሳቸው ጋር እንደሚሆን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለት ጣቶቻቸውን አቀራርበው አሳይተውናል። ብዙዎቻችን በዚህ ማኅበር የተሰበሰብነው ያችን ቅርበት ፈልገን ነው። ነገር ግን ማሳደግ ማብላት ብቻ አይደለም። ዘወትር ያበላነው ልጅ በቂያማ ቀን በእኛ ላይ ምስክር ሆኖ እንዳይቆም እፈራለሁ። ስለራሴ እፈራለሁ፤ በተውባ ስለርሱ ጌታዬን እለምናለሁ፤ እናንተም በዱዓችሁ አትርሱኝ።

ዛሬ ማታ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ በእጃችሁ ያለውን ልጅ ጠጋ ብላችሁ አስቀምጡና «የማትወደው ቦታ፣ የምትፈራው ሰው አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። ዝም ቢላችሁ ነገም ጠይቁት።

አላህ የቲሞቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም የታመኑ ጠባቂዎች ያድርገን። ላጠፋነው ይማረን፤ ላልታየን ዓይናችንን ይክፈትልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱሁ።